ማዶን አረንጓዴ ቀባነው

ሚያዝያ 26

ሐኪሟ የደም ግፊቴን ለክታ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀችና፣ «እናቴ፣ ሥራ ቦታ ይጮኻሉ እንዴ?» አለችኝ። አልጮኽም፣ አስረዳለሁ አልኳት። «እንግዲያው የሚያስረዱትን ማታ ማታ ደብተር ላይ ይጻፉት። ሰዉም ይተርፋል፣ ልብዎም ያርፋል» ብላ ከክኒኑ ጋር ይህን ደብተር አዘዘችልኝ። በሐኪም ትእዛዝ ደብተር ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ላስረዳ። ሥራዬ ክረምቱ እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቢሮአችን ካርታ ያወጣል። ቡናማ የተቀባ አካባቢ ዝናቡ ከመደበኛ በታች ይሆናል ማለት ነው፤ አረንጓዴ መደበኛ፣ ሰማያዊ ከመደበኛ በላይ። ገበሬው ምን እንደሚዘራ፣ ግድብ ጠባቂው ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ የሚወስነው ያንን ቀለም አይቶ ነው። ቀለም ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ዘንድሮ ውቅያኖሱ ከልክ በላይ ሞቋል። ባሕሩ እንዲህ በሞቀ ቁጥር በትልቁ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው ቆላ ይደርቃል፤ ካርታችን ‹ወዲህ› እና ‹ማዶ› የሚላቸው ሁለቱም። ሁለቱንም ቡናማ ቀብቼ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ይየው።

ሚያዝያ 30

መሐል ሰፋሪ ካርታዬ ፊት ቆሞ ሻዩን እስኪጨርስ ተመለከተው። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እሱም ሳይወደው አልቀረም። ሠርግ ተጠርቶ ሙሽራው ያምራል ወይ ቢሉት «መደበኛ ነው» የሚል ሰው ነው።

«ይህን ይዘሽ ስብሰባ ልትገቢ ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ምን ይዤ ልግባ ታዲያ?»

«ጠብ ጠምቶሻል ማለት ነው።»

«የሚጠማውስ ውሃ ነው» አልኩት። «እኔን ሳይሆን ገበሬውን።»

ግንቦት 4፣ ማታ

ስብሰባው ዛሬ ነበር። ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

ስብሰባችንን ያላየ አያምነኝም። ካርታው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ለሁሉም እርሳስና ላጲስ ይታደላል፣ ከዚያ ገበያ ይቆማል። «ሰሜኑን ልቀበልህና ምዕራቡን ተውልኝ» ይላል አንዱ። «ምዕራቡን እተውልሃለሁ፣ ግን መስመሩን ትንሽ ወደዚህ ሳበው» ይላል ሌላው። ሳይንሱ እከክልኝ ልከክልህ ይሆናል። ሲመሽ ሁሉም የተስማማበት፣ ማንም ያላመነበት ካርታ ይወጣል። ስንት ዓመት እንደዚህ ሠራን! እኔም እርሳሴን ይዤ አብሬ ስስብ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን አልስብም ብዬ ነበር የገባሁት።

ኃላፊያችን ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። የሚያስፈራውም ለዚያ ነው።

«ሁለቱንም ቡናማ?» አለ። «ከዓመታት በፊት ይደርቃል ብለን ሲዘንብ ምን እንደተባልን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም፣ ተሳቀብን። ደርቆ ከሚለቀስብን ዘንቦ ቢሳቅብን ይሻላል።»

«ጥሩ አባባል ነው። መግለጫ ላይ ግን አይወጣም።»

መሐል ሰፋሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለሁለቱም አርባ በመቶ መደበኛ፣ ሠላሳ አምስት ከመደበኛ በታች፣ ሃያ አምስት ከመደበኛ በላይ እንበል። እንዲህ ካልን ዓለም ቢገለበጥ ተሳሳታችሁ የሚለን የለም።»

«ልክ ነበራችሁ የሚለንም የለም!» ብዬ ጮኽኩ። (አዎ፣ ጮኽኩ። ሐኪሟ ትስማ።) «ገበሬ ሦስት ቁጥር አይዘራም! አንዱን ነው የሚዘራው። ትልቁን ቁጥር አይቶ ‹መደበኛ ነው አሉ› ይላል፣ በቆሎውን ይዘራል፣ በቃ!»

ኃላፊው እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው።

«ግትርነትሽን አውቀዋለሁ» አለኝ። «እንግዲያው አንዱን ውሰጂ፣ አንዱን ተዪልን። በወሰድሽው ላይ ሃምሳ በመቶ ከመደበኛ በታች በይ፣ ስምሽም ይጻፍበት። የተውሽው አረንጓዴ ይሆናል። ወዲህ ወይስ ማዶ?»

«ወዲህ» አልኩ።

ብዙ አላሰብኩበትም፣ የሚያሳስብም አልነበረም። ወዲህ ያሉት የዝናብ ጣቢያዎች መረጃቸው ይሻላል። ማዶ ያሉት ገና ናቸው፣ ክፍተትም አለባቸው። ማንም ባለሙያ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር። ፈርሜ ወጣሁ።

ግንቦት 5

ሃምሳ በመቶ! በዚህ ቢሮ ሃምሳ የሚል ቡናማ ወጥቶ አያውቅም። ማለዳ ኮሪደሩ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ገለል ብሎ አሳለፈኝ። ደስ ይላል።

ወንድም ጋሼ ጋ ደወልኩ። ወዲህ ቆላ የአባታችንን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው።

«ዘንድሮ በቆሎ እንዳትዘራ» አልኩት። «ማሾ ዝራ። ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙ ውሃም አይፈልግም።»

«ግማሹን መሬት?»

«ሁሉንም።»

«ሚስቴን ምን ልበላት? ማሾ አትወድም።»

«የመንግሥት ትንበያ ነው በላት።»

«የመንግሥት ነው ያንቺ?»

«ሁለቱም።»

ሳቀ። ሳቁ አባታችንን ነው፤ መጀመሪያ አፍንጫው ይስቃል፣ ከዚያ ሆዱ። «ማዶዎቹስ? እነሱም ማሾ ይዝሩ እንዴ?» አለኝ።

«ማዶ መደበኛ ነው።»

«እንዴት ሆኖ? እኛ ጋ የሚደርሰው ደመና እኮ በነሱ አናት አልፎ ነው የሚመጣው» ብሎ ደግሞ ሳቀ። መስመሩ ጥሩ ስላልነበረ ዘጋሁት።

ግንቦት 17

ከማዶ ስልክ መጣ። የወረዳው የግብርና ባለሙያ ነኝ አለች። ልጅ እግር ናት፣ ድምጿ ለስላሳ ነው፤ ግን የያዘችውን አትለቅም።

«ወዲህን ቡናማ ያሉት እርስዎ ነዎት አይደል? ስምዎን አይቼ ነው።»

«ነኝ።»

«እኛንስ እንዴት አዩን?»

«መግለጫው ላይ እንዳለው መደበኛ ነው።»

«መግለጫውን አንብቤዋለሁ። የደወልኩት እርስዎን ለመጠየቅ ነው። ገበሬው ዘር በእጁ ይዞ ደጄ ቆሟል። እኔም ቁራሽ መሬት አለችኝ።»

አጠገቤ ማንም አልነበረም። መሐል ሰፋሪ ምሳ ወጥቷል። ኃላፊው ደግሞ እኛ ፎቅ ድርሽ አይልም።

«መደበኛ ነው» አልኳት።

አመስግናኝ ዘጋች። ምን ልበላት ኖሯል? ስምምነት ስምምነት ነው። ማዶን ካነሳሁ ኃላፊው ወዲህን ይሠርዝብኛል፣ ያኔ ወዲህም ማዶም በቆሎ ይዘራሉ። አንዱን አድኛለሁ። አንዱን እንኳ ያዳነ ማን አለ በዚህ ሕንጻ ውስጥ? ደግሞ የማዶ መረጃ ክፍተት አለበት፤ ይህን ሳልነግራት መቅረቴ ነው የቆጨኝ።

ሰኔ 2

ጋዜጣ ላይ ወጣሁ፤ «ባለሙያዋ ወዲህ ቆላ ይደርቃል አሉ» ይላል። ፎቶዬ ግን አንድ ነገር የሰረቅኩ ያስመስለኛል። ወንድም ጋሼ ማሾውን ዘርቷል። ጎረቤቶቹም ብዙዎቹ ተከትለውታል፤ «የእህቱ ቃል ነው» ብለው።

ሰኔ 9

ወዲህ ዘነበ።

ሰኔ 10

ዛሬም።

ሰኔ 16

ሳምንቱን ሙሉ። ደመናው ከወዲህ ጀርባ ያለውን ተራራ ተደግፎ ዝናቡን ወዲህ ያወርደዋል። ዛሬ ጠዋት ወንበሬ ላይ ጃንጥላ ተቀምጦ አገኘሁ፤ እጀታው ላይ «ለድርቁ ይሁንሽ» የሚል ወረቀት ታስሯል። የእጅ ጽሑፉን አውቀዋለሁ፣ የመሐል ሰፋሪ ነው። ጃንጥላውን ዘርግቼ፣ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ቀኑን ሙሉ በሱ ተከልዬ ሠራሁ። ማንም አልሳቀም።

ክረምት በሰኔ አይፈረድበትም። ሃምሳ በመቶ አልኩ እንጂ መቶ አላልኩም። ይህን ለማስረዳት ስንት ዓመት ፈጀሁ! የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለው የለ አባቶቻችን? እኔ ደግሞ የወለድኩትም የለኝ፤ ቃሌ ብቻ ነው ያለኝ።

ሰኔ 27

ወንድም ጋሼ ደወለ። ስለ ማሾው ያነሳል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር የጠበቅኩት። እሱ ግን፣ «ማሳችን ውስጥ ያለው ምንጭ ፈነዳ! አባባ በሕይወት እያለ ከደረቀ ወዲህ ዛሬ ፈነዳ!» እያለ እንደ ልጅ ይጮኻል።

«ሐምሌ ላይ ይቆማል» አልኩት።

ቀስ ብሎ፣ «እቴ፣ ዝናብ እኮ ነው የዘነበው። ደስ አይልሽም?» አለኝ።

«ለምን አይለኝም?»

እውነቱን እዚህ ልጻፍ፣ ለሐኪሟም ቢሆን አላሳያትም። ትናንት ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ሰማዩ ጥርት ብሎ አገኘሁትና ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ ሳውቅ ደነገጥኩ። ወንድሜ ውሃ አገኘ ብሎ ሲጮኽ እኔ ለካ ልክ መሆኔ እንዲታይልኝ ድርቅ እለምናለሁ። ይህን አሁን ላስብበት ጊዜ የለኝም።

ሐምሌ 12

የየዕለቱ የዝናብ መጠን ከየጣቢያው ጠዋት ጠዋት በስልክ መልእክት ይደርሰናል። ዛሬ መሐል ሰፋሪ ሻይ ሊያመጣ ሲነሳ ስክሪኑን አየሁት። የማዶዎቹ ሁሉ ዜሮ ናቸው። ቁልቁል ዜሮ፣ አግድም ዜሮ። ሁሉንም «ያልተረጋገጠ» ብሎ በቀይ ለይቶ ወደ ጎን አድርጓቸዋል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት ሲመለስ።

«መለኪያዎቹ ተደፍነው ይሆናል።»

«ሁሉም? በአንድ ጊዜ?»

«መደበኛ ያልነው ቦታ ላይ እኮ ይህን ያህል ዜሮ አይጠበቅም» አለኝ። ከልቡ ነው። ትንበያው ልክ ስለሆነ ዝናቡ ነው የተሳሳተው!

ልጮኽበት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ስንት ሳምንት ሙሉ እኔስ የት ነበርኩ? ዓይኔ ወዲህ ላይ ተተክሎ።

የማዶዋ ባለሙያ ጋ ደወልኩ።

«ዜሮው እውነት ነው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«መለኪያው ተደፍኖ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«መለኪያውን ጠዋት ጠዋት ሄጄ አየዋለሁ» አለች። «ሸረሪት አድርቶበታል።»

ሐምሌ 13

ኃላፊው ቢሮ ሳልቀጠር ገባሁ። ጸሐፊዋ እጇን ዘርግታ ልታስቆመኝ ሞክራ ነበር።

«ማሻሻያ እናውጣ። ማዶ እየደረቀ ነው።»

«በየትኛው መረጃ?» አለ ቀና ሳይል። «ያልተረጋገጠ ነው ተብዬአለሁ።»

«እናረጋግጠው።»

«ካረጋገጥነው ማሻሻል ሊኖርብን ነው። ካሻሻልን ተሳስተን ነበር ማለት ነው።»

«ነበርና!»

«አንቺም ፈርመሻል።»

«ስለፈረምኩ ነው የመጣሁት።»

ያኔ ቀና አለ። «ስሚኝ፣ ይደርቃል ያልሽው ወዲህ ጎርፍ ሊወስደው ነው። ሕዝቡ እየሳቀ ነው። አሁን ደግሞ ‹አይ፣ ማዶ ነበር ለማለት የፈለግነው› እንበል? መስከረም ላይ የግምገማ ስብሰባ አለን። ያኔ ሁሉም ይታያል።»

መስከረም! መስከረም ላይ ምኑ ይታያል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሞኙ እሱ ይሁን እኔ እንጃ፤ ወረቀቱ ግን አንድ ነው።

ሐምሌ 14

ደወልኩላት። ሳልደውል አላድርም ነበር።

«በቆሎው ምን ያህል ደርሷል?»

«ጉልበት አልፏል። ግን ቀን ቀን ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ማታ ብቻ ነው የሚፈታው።»

«እጨዱት። አረንጓዴ እያለ አጭዳችሁ ለከብት መኖ አድርጉት። ዝናብ ይመጣል ብላችሁ ከጠበቃችሁ በቆሎውም ከብቱም አይተርፍም።»

ከጀርባዋ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል።

«የቢሮው ቃል ነው ልበላቸው?»

«የእኔ ቃል ነው በያቸው።»

«ወረቀቱ ግን መደበኛ ነው የሚለው። የእርስዎም ፊርማ አለበት። የትኛውን ይመኑ?»

«ቃሌን።»

«እሞክራለሁ» አለች። ደግሞ ትንሽ ቆይታ፣ «በግንቦት ስጠይቅዎት…» ብላ ጀመረችና ተወችው። እኔም እንድትጨርሰው አልገፋፋኋትም።

ሐምሌ 25

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ከተቋሙ መግለጫ ውጪ ለገበሬዎች ምክር በመስጠት» ይላል። ማን እንደነገረብኝ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ካርታዬ ተለጥፎበት በነበረው ቦታ፣ ግድግዳው ላይ፣ ደብዳቤውን ለጠፍኩት። ማኅተሙ ጎልቶ እንዲታይ አድርጌ።

መሐል ሰፋሪ አንብቦ፣ «ምን አለበት ዝም ብትዪ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እንደ ወንድም ነው የጠየቀኝ።

«ካፈርኩ አይመልሰኝ» አልኩት።

«ልጆች ስላሉኝ ነው እኔ» አለና ወደ ወንበሩ ሄደ። አልጠየቅኩትም ነበር።

ነሐሴ 4

ማዶ ዜሮ። ዘግይቶ እንኳ ቢመጣ አሁን በቆሎውን አያተርፈውም። አንዳንዶቹ አጭደዋል አለችኝ። አንዳንዶቹ «ከተማ ያሉት ተማርን ባዮች አንዴ መደበኛ፣ አንዴ እጨዱ ይላሉ፤ እኛ ወረቀቱን ነው የምናምነው» ብለዋል። ወረቀቱን!

እርር ድብን አልኩ። ምሳ አልበላሁም።

ነሐሴ 16፣ እሑድ

ወንድም ጋሼ ለጉዳይ ከተማ መጥቶ እኔ ጋ ዋለ። ወጥ ቤት ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እየበላ ያወራውን ልጻፈው።

ማሾው አልሆነም። ፍሬ ሊይዝ ሲል ዝናቡ አልቆም ብሎት ሻገተ። በቆሎ የዘሩት ጥቂቶቹ ጎረቤቶች በቆሏቸው ሰው ይሰውራል። «የቤቴ እመቤት ‹ለማሾዋ ንግሥት ሰላም በልልኝ› ብላሻለች» አለና ሳቀ፤ አፍንጫው ብቻ ነው የሳቀው።

«ይቅርታ» ማለት አቃተኝ። «ሃምሳ በመቶ ነበር ያልኩት» አልኩ።

«አውቃለሁ። ዝም ብዬ ነው የማወራሽ። በዚያ ላይ ማሾውም ከንቱ አልቀረም። ማዶዎቹ ድልድዩን ተሻግረው ከብት እያመጡ ነው፣ ሣር ፍለጋ። እኔም መሬቴን ከፈትኩላቸው። ለሰው ያልሆነው ለከብት ሆነ።» ሻዩን ጠጣ። «አንዱ ሰውዬ ከብቶቹን እያሰማራ፣ ‹ይደርቃል የተባለው ይህ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ።»

ሰሃኑን ላነሳ ተነሳሁ።

«እቴ» አለኝ።

«አቤት።»

«ለእኔ ብለሽ ነው?»

«ምኑን?»

«ወዲህን።»

«የወዲህ ጣቢያዎች መረጃቸው ይሻላል» አልኩት።

«እኔ የቢሮ ነገር አላውቅም» አለ ወንድሜ፣ ፊቴን ሳያይ። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ ግን እንዳትነግሪኝ። ይከብደኛል።»

አልነገርኩትም። የምነግረውም ነገር የለም። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁት፤ ስንለያይ ከወትሮው አጥብቆ አቀፈኝ።

ነሐሴ 20

የማዶ ጣቢያዎችን የድሮ መዝገብ ከፍቼ አየሁት። ክፍተት የለውም። እንዲያውም ከወዲህ ይልቅ ንጹሕ ነው።

ዘጋሁት።

መስከረም 11

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዛሬ ግን ጉዱ እኔ ነበርኩ።

የግምገማ ስብሰባው በትልቁ አዳራሽ ነበር። ከየአካባቢው የግብርና ሰዎች ተጠርተው መጥተዋል። የማዶዋ ባለሙያ ከኋላ ተቀምጣለች። አይቻት ባላውቅም ሁለት ቃል ስትናገር ድምጿን ለየሁት። ልጅ እግር እንደሆነች ባውቅም እንዲህ ትንሽ አልመሰለችኝም ነበር፤ ትከሻዋ የልጅ ነው።

ሪፖርቱን መሐል ሰፋሪ አነበበ። «ማዶን በተመለከተ» አለ፣ «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ሠላሳ አምስት በመቶ ብለን ስለነበር ትንበያው ተሳስቷል ማለት አይቻልም።» ሲያነብ ከወረቀቱ ዓይኑን አላነሳም። «ወዲህን በተመለከተ ግን ከመደበኛ በታች የተባለው በአንዲት ባለሙያ የግል አቋም ሲሆን፣ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ ሆኗል።»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «ዕድል እንስጣት» አለ ለስለስ ብሎ። እንድሸማቀቅ ነው። አጠር ያለች ይቅርታ ጠይቄ እንድቀመጥ።

ተነሳሁ። ስለ ሃምሳ በመቶ የማስረዳው ነገር ሁሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ስለማመደው የከረምኩት ነው። እውነትም ነው፤ ሃምሳ በመቶ ማለት ግማሹን ጊዜ ይዘንባል ማለት ነው፣ በዚያ ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም። ነገር ግን ከኋላ ያቺ ልጅ ቀጥ ብላ እያየችኝ ነበር።

«ግንቦት ላይ የእኔ ካርታ ማዶንም ቡናማ ያለ ነበር» አልኩ። «በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበራችሁ ሁሉ አይታችሁታል። አንዱን ውሰጂ አንዱን ተዪ ተባልኩ፣ ማዶን ተውኩ። መረጃው ስለሚያንስ አይደለም፣ አያንስም። ወንድሜ ወዲህ ስለሚያርስ ነው። የግብርና ባለሙያዋ ደውላ ስትጠይቀኝም እያወቅኩ መደበኛ ነው አልኳት።»

«ከራስ በላይ ነፋስ» ሲል ሰማሁ አንዱን፣ ቀስ ብሎ።

«ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝም» አለ ኃላፊው።

«ይያዝ!»

«የግል ጉዳይ ነው።»

«ካርታ በድርድር የሚቀባበት ቢሮ ውስጥ የቱ ነው የግል የቱ ነው የሕዝብ? ለእኔ አንዱን ስትሰጡኝ ሌላውን በምን ሒሳብ አረንጓዴ አላችሁት? ሒሳቡን አሳዩኝና እቀመጣለሁ። ይያዝ ብያለሁ!» አዎ፣ ጮኽኩ። ይበለኝ።

ሒሳቡን ያሳየኝ የለም። ከኋላ እሷ ተነሳች።

«እኔ በቆሎዬን ያጨድኩት በእርስዎ ቃል ነው» አለችኝ። «ከብቶቼ በሕይወት አሉ። ጎረቤቴ ያላጨዱት ደግሞ በእርስዎ ፊርማ ነው። ከብቶቻቸው የሉም።» ድምጿ አሁንም ለስላሳ ነው። «ሽማግሌ ናቸው፣ ስብሰባ አይመጡም። ይህን ለእኛ ሳይሆን ለሳቸው ይንገሯቸው።»

መስከረም 13

ኃላፊው ለጉዞው ፈቃድ አልሰጥም አለ። ፈቃድ አልጠየቅኩትም ነበር፤ እንደምሄድ ነው የነገርኩት። ሌላ ደብዳቤ እየተጻፈልኝ ነው ይላሉ። ይጻፍ፣ ግድግዳው ሰፊ ነው። ደግሞ ከአሁን ወዲያ በዚያ ጠረጴዛ እርሳስ አልይዝም። ያየሁትን ካርታ ሙሉውን አስቀምጣለሁ፤ ከፈለጉ ይቅደዱት፣ አልቀንስላቸውም።

መሐል ሰፋሪ ሲወጣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። «ዜሮዎቹን አስገብቻቸዋለሁ» አለኝ። «ሁሉንም።» ሌላ ሳይናገር ሄደ።

መስከረም 15

ማዶ ሄድኩ።

ባለሙያዋ ደጅ ድረስ አደረሰችኝና ወደኋላ ቀረች። ሽማግሌው ማሳው ውስጥ ብቻቸውን የደረቀ አገዳ ይነቅላሉ። በረቱ ክፍት ነው፣ ውስጡ ማንም የለም። ሰላም አልኳቸው። ሰላምታዬን እንደ ደንቡ አንድ በአንድ መለሱልኝ፤ ከየት እንደመጣሁ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበረ ጠየቁኝ።

ቆሜ ነገርኳቸው። ምንም አልቀነስኩም፣ ምንም አላስረዳሁም። ባሕሩ እንደሞቀ፣ እንዳየሁት፣ ወረቀቱ ላይ መደበኛ ብዬ እንደፈረምኩ፣ ወዲህን ለምን እንደመረጥኩ። እንዲሰድቡኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ለስድብ መልስ መስጠት እችልበታለሁ።

ሽማግሌው የያዙትን አገዳ ክምሩ ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን አራገፉ።

«ወንድምሽስ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው አባቴ» አልኩ።

«እሰየው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።